በስማቸው የሚጠሩ መጻሕፍት

ጋሼ ያውቁ ነበር?

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። እሳቸው አርፈዋል፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ያውቁ ነበር እላለሁ፤ ማስረጃዬንም እንደ ጠበቃ አንድ በአንድ እደረድራለሁ። በማግሥቱ ያንኑ ማስረጃ ይዤ አያውቁም ነበር ብዬ እከራከራለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አሸንፋለሁ።

ጋሼ የምላቸው ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ የሚገኘውን የድሮ የድንጋይ ቤተ መጻሕፍት ይመሩ የነበሩትን ሰው ነው። ያውቁ ነበር ወይ የምለውም ይህን ነው፦ እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ መጻሕፍት ስወለውል፣ በኋላም ለአንባቢ ሳቀብል፣ አንዲት ፊደል እንኳ መለየት አልችልም ነበር።

ቤቱ በዕድሜ ቀለበት መንገዱን ያስከነዳል። ዙሪያው ማሳ በነበረበት ዘመን ነዋሪው ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ እያንዳንዱ ሽማግሌ የተሸከመው ድንጋይ ቁጥር ግን በየዓመቱ ይጨምራል። ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ባናቱ ባለፈ ቁጥር መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። የሚያነብ ሰው ቀና አይልም። የሚያወራው ብቻ ነገሩን አቋርጦ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል።

ስሙ ቤተ መጻሕፍት ይሁን እንጂ ሰፈሩ ለብዙ ነገር ይጠቀምበታል። የእድሩ ድንኳንና ዕቃ የሚቀመጠው ከጓሮ ባለው መጋዘን ነው፤ ስብሰባውም እሑድ እሑድ ግቢው ውስጥ ነው። ጡረተኞቹ በረንዳው ላይ ጋዜጣ እየተቀባበሉ ያነባሉ፤ አንዱ ገጹን ቶሎ ካላገላበጠ ሌላው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ደብተር ይዘው ለፈተና ያጠናሉ። የጠፋ መታወቂያ ያገኘ ሰው እዚያ ያመጣል፣ የጠፋበትም መጀመሪያ እዚያ ይጠይቃል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ወንበሩን ይዞ ግቢ ይወጣል፤ ማንም ውጡ አይላቸውም።

በጽዳት ሠራተኝነት ስቀጠር ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ሳሊተ ምሕረት አካባቢ በሰው ቤት እሠራ ነበር። ወሬውን ያመጡልኝ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ከትግራይ መጥተው ገርጂ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት። እኔን ሲጠሩኝ «ጓለይ» ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ጓለይ፣ ስድስተኛ ክፍል የጨረሰች ይላል ማስታወቂያው» አሉኝ። «አንቺ ጨርሰሻል አይደል?»

«ጨርሻለሁ» አልኳቸው። አፌ ቀደመኝ። ከእሳቸው ጋር የጀመርኩትን ውሸት ቅጹን ለሚሞላው ሰው ደገምኩት። ማስረጃ ሲጠይቀኝ ሀገር ቤት ነው፣ አስመጣለሁ አልኩ። ተቀጠርኩ፤ ማስረጃውም ተረሳ። ፊርማ ነበረኝ። የቀድሞ አሠሪዬ ልጅ ስሜን ጽፋ ሰጥታኝ፣ ሰው ጎጆ እንደሚስል መሳል ተለማምጄ ነበር። ስሜን ሳልኩ እንጂ አልጻፍኩም። ሰውዬው ግን ጥሩ ጽሕፈት አለሽ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቴ አንድ ብቻ ሆነ። አንድ ሰው አንድ ወረቀት ይዘረጋልኝና «ይሄን አንብቢው» ይለኛል፤ ያኔ ሥራዬም ስሜም ያልቃል። ለዚህ አንድ መከላከያ ነበረኝ፤ እጄ ሁልጊዜ ርጥብ ነበር። ጽዳት ሠራተኛ ነኝና ማንም አይገረምም። ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ ካየሁ ባልዲው ውስጥ እጄን እነክራለሁ። «እጄ ርጥብ ነው፣ አንብቡልኝ» እላለሁ። ያነቡልኛል። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ እጄ ክረምት ከበጋ ይሰነጠቅ ነበር።

ሌላው ያተረፈኝ ጠባዬ ነው። የተዛባ ረድፍ ማየት አልችልም። አንድ መጽሐፍ ለመወልወል ካነሣሁ ቦታው ላይ በጣት ስፋት እንኳ ተዛንፎ እንዲመለስ አልፈቅድም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጋሼ አብረውኝ ይወለውሉ ነበር። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ጨርቅ ይዘው፣ ከአንደኛው መደርደሪያ እስከ መጨረሻው። እያንዳንዱን መጽሐፍ ያወጡና ስሙን በለሆሳስ ይሉታል፤ አቧራውን ያራግፉና ለእኔ ይሰጡኛል፤ እኔም ወልውዬ እመልሰዋለሁ። ከራሳቸው ጋር የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ቢያወሩ ምን ይደንቃል እል ነበር። ስሙን በጆሮዬ፣ ገላውን በእጄ ያዝኩት። የቱ ወፍራም ነው፣ የቱ ጀርባው ተሰንጥቋል፣ የቱ ጨርቁ ይሻክራል፣ የቱ የሻማ ሰም ነክቶታል።

የቤቱ አሠራር ደግሞ እንዲህ ነበር። አንባቢ መታወቂያውን በመስኮቱ ያስገባል፤ የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል። መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው መዝገብ ያዥ ወረቀቱን ከመታወቂያው ጋር ትይዝና ስሙን ጮክ ብላ ትጠራዋለች። ከኋላ መደርደሪያዎቹ መካከል ያለው ሰው ሰምቶ ያመጣል። በኋላ ያ ሰው እኔ ሆንኩ፤ ከኋላ ሰው ሲጠፋ ራሷ ታመጣ የነበረችው መዝገብ ያዥ ነፍሰ ጡር ሆና ከወንበሯ መነሣት ሲከብዳት «አንቺ አቀብያት፣ ቦታቸውን ታውቂያለሽ» አሉኝ ጋሼ።

በዚህ ጥሪ የተነሣ ማን ምን እንደሚያነብ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። መዝገብ ያዥዋ ምላሷ ስል ነው። አንድ ቀን አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ስለ ትዳር አያያዝ የሚያስተምር መጽሐፍ ጠየቀ።

«የትዳሩን መጽሐፍ አምጪ!» ብላ ጮኸች። «ሰውዬው የቸኮለ ይመስላል።»

«ለእህቴ ነው» አለ ሰውዬው ዙሪያውን እያየ።

«እህትህ ናት የምታገባህ?»

ተማሪዎቹ በደብተራቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሰውዬው ግን ቀልደኛ ነበር፤ መጽሐፉን ተቀብሎ መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና ሁሉም እያየው አነበበ። በዓመቱ የሰርግ ጥሪ ወረቀት ይዞልን መጣ። እኔ ወረቀቱን ሳይ እጄን ባልዲ ውስጥ ከተትኩ።

በስድስተኛው ዓመት ክረምት የጣሪያው ማፍሰስ ለየለት። ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር እንዲለወጥ ተወሰነና መጻሕፍቱ ባንድ ቀን መውጣት ነበረባቸው። የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተከለ። እኔ ያን ቀን አልነበርኩም፤ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ነበር። እማማ የእድሩን ሴቶች አስተባብረው ሥራውን ተቆጣጠሩ።

የእድር ሴቶች ዕቃ ማሰር የሚያውቁት ከለቅሶ ቤት ነው። ትሪ ከትሪ፣ ሰሐን ከሰሐን፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ ይሰበራል። መጻሕፍቱንም እንዲሁ አሰሯቸው። ትልቁን ከትልቁ፣ መካከለኛውን ከመካከለኛው፣ ትንሹን ከትንሹ። ካርቶኖቹን በልክ በልካቸው ደርድረው፣ በገመድ ቋጥረው፣ ላስቲክ አልብሰው አስቀመጧቸው። አንድ ጠብታ ውኃ አልነካቸውም። አንድም መጽሐፍ ግን ከወንድሙ ጋር አልነበረም።

ሥራ ስገባ እማማ እጄን ይዘው ድንኳኑ ውስጥ አስገቡኝ። «ጓለይ፣ እዪ እስቲ። አንድ የተጣመመ ካገኘሽ ስሜን ቀይሪው።»

ጋሼ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፍተው አዩ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥልን። በጣም ንጹሕ ሥራ ነው» አሏቸውና ወጥተው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

ችግሩ ይህ ነበር። በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ የነበሩት ቁጥሮች በዱቄት ሙጫ የተለጠፉ ስለሆኑ በረሮና አይጥ ከበላቸው ቆይቷል። የየመጽሐፉን ቦታ የሚናገሩት ካርዶች ያሉበት ሳጥን ደግሞ ጣሪያው የሚያፈስበት ጥግ ነበር የተቀመጠው፤ ቀለሙ ካንዱ ካርድ ወደ ሌላው ተላልፎ ሁሉም ሰማያዊ ደመና ሆኗል። ሁሉንም አንብቦ እንደ አዲስ መመደብ ሁለት ወር ይፈጃል አሉ ጋሼ። ሁለት ወር ግን አልነበረንም። ጣሪያው ባለቀ በሳምንቱ ከበላይ ኮሚቴ ይመጣል የሚል ደብዳቤ ደርሶናል። ቤቱ እንደ ቤተ መጻሕፍት እየሠራ ካገኙት ይቀጥላል፤ ካልሆነ አዳራሹ ለቢሮ ይሰጣል። ጋሼ ደብዳቤውን ለሁላችንም ጮክ ብለው አነበቡልን።

ያን ጊዜ ነው አፌ ለሁለተኛ ጊዜ የቀደመኝ።

«እኔ እመልሳቸዋለሁ» አልኩ።

«ምኑን?» አለች መዝገብ ያዥዋ።

«መጻሕፍቱን። ወደየቦታቸው።»

«ሁሉንም? በምን?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«አንቺ ትኩሳቱ አለቀቀሽም» አለችኝ። ጋሼ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በጨርቅ ጠረጉና «እንግዲያው ጣሪያው ባለቀ በማግሥቱ እንጀምራለን» አሉ።

አምስት ቀን ፈጀብን። እንዴት እንደሠራን በዝርዝር የምጽፈው፣ ከማስረጃዎቼ ሁሉ እዚህኛው ላይ ስለምመላለስ ነው። እኔ ባዶዎቹ መደርደሪያዎች መካከል ቆምኩ። ተማሪዎቹ ካርቶኖቹን ተሸክመው አስገቡ። ጋሼ መሐል ላይ ጠረጴዛ ይዘው፣ አዲስ ደብተር ዘርግተው ተቀመጡ። አንድ መጽሐፍ ያነሣሉ፤ ጀርባውን ወደ እኔ አዙረው ከፍ አድርገው ይይዙታል።

«ይሄስ?»

«ከመስኮቱ ሥር፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከቀዩ ወፍራም ቀጥሎ።»

ይጽፋሉ። «ይሄስ?»

«እሱ ከታች። ሰሙ የነካው። ወደ ግድግዳው ዳር።»

አንድም ጊዜ ስሙን አላነበቡልኝም። አንድም ጊዜ አንብቢው አላሉኝም። እኔ እየጠቆምኩ ተማሪዎቹ ይሰካሉ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። በሁለተኛው ቀን መዝገብ ያዥዋ ልጇን አዝላ ስታየን ቆየችና «ጋሼ፣ ርዕሱን ያንብቡላት እንጂ! እንዲህ ከሩቅ ምን ይታያታል?» አለች።

«ታውቀዋለች» አሉ ጋሼ፣ ቀና ሳይሉ።

በሦስተኛው ቀን አንድ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ቀጭን መጽሐፍ አነሡ። ከግጥሞቹ ጋር አልኳቸው፤ ስሙ በጆሮዬ ሳይገባ ያለፈ ነበር፤ የግጥሙ ረድፍ በሙሉ አረንጓዴ ጨርቅ ነውና ቤተሰቡ መስሎኝ ሁልጊዜ እዚያ ነበር የምመልሰው። መዝገብ ያዥዋ አንገቷን አስግጋ ርዕሱን አየችው።

«የዶሮ እርባታ ነው እኮ! ከግጥም ጋር? ዶሮዋ ልትቀኝ ነው?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። አለቀልኝ ብዬ መደርደሪያውን ያዝኩ። ጋሼ ግን እየጻፉ ነበር። «ድሮም እዚያው ነበረች» አሉ። «ከለመደቻቸው ጎረቤቶቿ አትለዩዋት።» ቀጣዩን አነሡ። «ይሄስ?»

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት መጨረሻው መጽሐፍ ገባ። አሥራ ዘጠኝ መደርደሪያ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ቀጥ ብሎ። ራቅ ብዬ ቆሜ ሳየው ካንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ዓይኔ የሚደናቀፍበት አጣ። በሕይወቴ ከዚያ በፊት የጨረስኩት ነገር አልነበረም። ተጀምሮ የተቋረጠ ብቻ ነበር ያለኝ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። የመጡት በቀጠሯቸው ነው። ተማሪው በየወንበሩ፣ ጡረተኛው በረንዳው ላይ፣ እማማና የእድሩ ሴቶች ነጭ ለብሰው በሩ አጠገብ ቆመዋል። እኔም ባልዲዬን መጋዘን ውስጥ ቆልፌ፣ ንጹሕ ሽርጥ አድርጌ ቆሜአለሁ። ሰብሳቢው መደርደሪያዎቹን በጣቱ እየነካካ አለፈ። ከዚያ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ከመስኮቱ ቁራጭ ወረቀት አንሥቶ ጻፈበት። ለመስኮቱ ይሰጣል ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞሮ ዘረጋልኝ።

«እስቲ ይሄን አምጪልኝ።»

ያን ቀን እጄ ደረቅ ነበር። ወረቀቱን ተቀበልኩት። አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ ጥቋቁር ጭረቶች፣ አንዱ እግሩ ረጅም። ከዚያ ሌላ አላየሁም። ስድስት ዓመት የሸሸሁት ነገር ይህ ነበር። ቀና ስል ጋሼ አጠገባችን ደርሰዋል።

«ጌታዬ፣ ይቅርታዎን» አሉ ለሰብሳቢው። «በእኛ ቤት መጽሐፍ በስሙ ይጠራል። ወረቀቱ መስኮቱ ጋር ነው የሚቀረው። የቤቱ ወግ ነው።»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «ታዲያ እኔው ልጥራው?»

«ደስ ይለናል።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ፣ ድምፁን አስተካክሎ ስሙን ጠራው። ስለ አዋሽ ወንዝ የተጻፈ የድሮ ጥናት ነበር። እስከዚያ ቀን ማንም ጠርቶት አያውቅም። ጋሼ ግን ከዓመታት በፊት፣ አቧራውን እያራገፉ፣ አንድ ጊዜ በለሆሳስ ብለውታል። ስምንተኛው መደርደሪያ፣ ከላይ ሁለተኛው፣ ግራጫ፣ ማዕዘኑ የታጠፈ። ሄጄ አመጣሁት። ሰብሳቢው ሽፋኑን አይቶ ለጎረቤቱ አሳየው። ሁለተኛው ሰው ሌላ ጠራ፤ እሱንም አመጣሁ። ሦስተኛዋ፣ ሴትየዋ፣ አንድ የልጆች ተረት ጠራች።

«እሱ ወጥቷል» አልኩ። «በረንዳው ላይ አንዲት ልጅ እያነበበችው ነው። ልቀበላት?»

ሴትየዋ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ አየች። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። «አይ» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ። «ትጨርሰው።»

ሰብሳቢው እዚያው ላይ ደብተሩን ዘጋ። «ይሄንን ቤት ለቢሮ የሚሰጥ ሰው ምን ብሎ እንደሚያስረዳ አላውቅም» አለ። እማማ አፋቸውን ለእልልታ ከፈቱ። ጋሼ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ሰው እያነበበ ነው። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ተራ በተራ ወደ ውጭ በር ወጡ። እዚያ ሲደርሱ ለቀቁት። እልልታው ኢምፔሪያል ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እኔ የት እንደነበርኩ ትጠይቁኝ እንደሆነ፣ ስምንተኛው መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ አለቅስ ነበር። መጀመሪያ ግን ግራጫውን መጽሐፍ ቦታው መልሼዋለሁ።

በሳምንቱ ጋሼ አንድ እሽግ ወረቀት ሰጡኝ። «የጎልማሶች የማታ ትምህርት ምዝገባ ተጀምሯል። ቅጾች ናቸው። ለሰፈሩ ሴቶች አድይልኝ።» አደልኩ። አንዱን ግን ጡቴ ሥር ከተትኩት። «አለቀ?» ሲሉኝ «አለቀ» አልኳቸው። «ጥሩ» አሉ፣ ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ። ሰው እንዳያየኝ የተመዘገብኩት ሳሊተ ምሕረት በኩል ባለው ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ። ክፍል ውስጥ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪዬ ልጄ ልትሆን ትችል ነበር። ፊደሌን ስታርም ቀይ እስክሪብቶዋን ስለምትቆጥብልኝ «እንደ ሌላው ሰው አርሚኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ደብተሬ ቀይ ባሕር ሆነ፤ ተመስገን አልኩ።

ማንበብ የጀመርኩበት ዓመት በሕይወቴ ከሁሉ የጣፈጠ ነው። ጠዋት ከሌላው ሰው ቀድሜ እገባና በመደርደሪያዎቹ መካከል በጣቴ እየተከተልኩ ጀርባቸውን አነባለሁ። በጆሮዬ የማውቀውን ስም በዓይኔ ሳገኘው፣ በስልክ ሲያወራኝ የኖረን ሰው በአካል እንደማግኘት ነበር። ስማቸው ከጆሮዬ ያመለጡት ደግሞ ጉድ አሳዩኝ። ያ ወፍራም፣ ቀይ፣ ወርቃማ ጽሑፍ ያለበት፣ በጣም የማከብረው፣ ለብቻው ንጹሕ ጨርቅ የመደብኩለት መጽሐፍ፣ ያለፈ መንግሥት የሲሚንቶ አቅርቦት ዘገባ ሆኖ ተገኘ። ሽፋኑ የወለቀውና ሁልጊዜ በችኮላ የምወለውለው ቀጭኑ ግን የአንዲት መበለት ታሪክ ነው። በሦስት ቀን ጨረስኩትና መጨረሻው ላይ ስደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። አንድ ጠዋት ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ስድስተኛው ረድፍ ላይ በጣቴ ስከተል አዩኝ። ጫማቸውን በምንጣፉ ላይ ጠረጉ፤ ዝናብ ግን አልነበረም።

ስምንተኛን አለፍኩ፤ አሥረኛን አለፍኩ፤ አሥራ ሁለተኛን በሁለተኛ ሙከራ አለፍኩ። ቀጥሎ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ዲፕሎማ ያዝኩ። ጋሼ ዲፕሎማውን አይተው ነው ያረፉት። በሁለት እጃቸው ይዘው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና «ማኅተሙ ትንሽ ተጣሟል» ብለው መለሱልኝ። እኔም አይቼው ነበር።

ለቅሷቸው ላይ ከጡረተኞቹ አንዱ፣ ጋዜጣ የሚያዘገየው ሰውዬ፣ ከአጠገቤ ተቀመጠ። «ያንን መጽሐፍ በስሙ መጥራት ያመጡት እሳቸው ናቸው» አለኝ። «ድሮ እኮ ወረቀቱ በዝምታ ነበር ወደ ኋላ የሚተላለፈው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው መጠራት የተጀመረው?»

«እንጃ። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ይመስለኛል።» ትንሽ አሰበ። «ወይ ትንሽ ቀደም ብሎ። መስኮቱ ላይ ያለችው ድምፅ ስላላት ይሆናል።»

ከዚህ ያለፈ መልስ ከማንም አላገኘሁም።

ዛሬ ቤቱን የምመራው እኔ ነኝ። መጽሐፍ አሁንም በስሙ ይጠራል፤ ያን አልቀየርኩም። ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ የእናቶች የንባብ ክፍል ነው። እማማ አርጅተዋል፤ ግን እየመጡ ከኋላ ተቀምጠው ማን እንደቀረ ይመዘግባሉ። ሠራተኞቹ በሥራዋ አስቸጋሪ ናት ይሉኛል፤ እውነት ነው። መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ ካየሁ ገጹን ሙሉ አስገለብጣለሁ። ባለፈው መጋቢት አንዲት አዲስ ሠራተኛ የአንባቢ ስም አሳስታ ብትጽፍ ሦስት ጊዜ አስጽፌያት እያለቀሰች ወጣች። በዚያው ሳምንት ነው ከወረዳው የሰው ኃይል ክፍል አንዲት ወጣት ላፕቶፕ ይዛ የመጣችው። የሠራተኛ ማኅደር ወደ ኮምፒውተር እየተዛወረ ነው፤ የእኔን መስመር በመስመር እያነበበች ታረጋግጣለች።

«የልደት ቦታ ኦኬ። የቅጥር ዘመን ኦኬ። ሲቀጠሩ የትምህርት ደረጃ፣ ስድስተኛ ክፍል። ኦኬ፣ እትዬ?»

ያቺን መስመር ብዙ ጊዜ አይቻት አልፌአለሁ። የዚያን ቀን ግን ሦስት ጊዜ ያስጻፍኳት ልጅ ፊት መጣብኝ።

«አይደለም» አልኳት።

«ሰባተኛ ነው?»

«ምንም ነው። ስቀጠር ማንበብም መጻፍም አልችልም ነበር። ስድስተኛ ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። «ሲሪየስሊ? እዚህ ላይብረሪ ውስጥ?»

«እዚህ።»

«ማን ያውቃል?»

«አሁን አንቺ።»

አውሮፕላን አለፈ፤ ሁለታችንም ጠበቅን። «እትዬ፣ ልንገርዎት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ብንተወው ማንም አያየውም። ኤዲት ካደረግኩት ግን ሲስተሙ ምክንያት ይጠይቃል፤ ለአለቆችም ይሄዳል። ደሞ አንዴ ከገባ አይጠፋም።»

«ይሂድ። አይጥፋ።»

«ዜሮ ልበል? ... ዜሮ አይቀበልም። ከዝርዝሩ መምረጥ አለብን።» ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። መነጽሬን አደረግሁና ዝርዝሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት፤ የማይመለከቱኝንም፣ ዶክትሬቱንም ሳይቀር። የእኔው ከሁሉም በታች ነበር። ጣቴን አሳረፍኩበት። «ይቺን።»

ነካችው። ምክንያት የሚል ባዶ ሳጥን መጣ። «ምን ልጻፍ?»

«ወዲህ በይው። እኔ እጽፈዋለሁ።»

በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየፈለግሁ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ ስቀጠር ዋሽቻለሁ፤ ማንበብ ስጀምር እዚሁ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ልጅቷ አገጯን ይዛ ጠበቀችኝ፤ አላስቸኮለችኝም።

«ጨረሱ? ሴቭ ልበለው?»

«ቆይ። አራት ነጥቡ የት ነው ያለው?»

«እሱ ግድ የለም እትዬ፣ ሲስተሙ ይቀበለዋል።»

«እኔ አልቀበለውም» አልኳት። ሳቀችና አሳየችኝ።